ነጭ ኢ4 ሲል በጥቁር ምን እንመልስ? ካሮ ካን፣ ፍሬንች፣ ሲሲሊያን ወይስ ስካንዲኔቪያን

ሐዋሳ ውስጥ ቼዝ ከሚጫወቱ ሰዎች ጋር ሻይ ቡና ሲባል ሳይነሳ የማይቀር ጥያቄ አለ። «ነጭ ኢ4 ብሎ ሲከፍት በጥቁር ምን ብጫወት ይሻለኛል?» ኢ4 ማለት ነጭ ከንጉሡ ፊት ያለውን ወታደር ሁለት ቤት ሲገፋ ነው። ዩቲዩብ ላይ አንዱ «ሲሲሊያን ተጫወቱ፤ የዓለም ሻምፒዮን የነበሩት ፊሸርም ካስፓሮቭም የተጫወቱት እሱን ነው» ይላል። ሌላው «ካሮ ካን ከያዛችሁ ማንም አይደፍራችሁም» ይላል። ሁለቱም አልዋሹም። ነገር ግን ለፊሸር ቼዝ እንጀራው ነበር። እኛ ሰኞ ጠዋት ቢሮ የምንገባ ወይም ፈተና የምንቀመጥ ሰዎች ነን።

ይህ ጽሑፍ ለአማተሩ ነው። ቅዳሜና እሑድ ውድድር ካለ ለሚመዘገብ፣ በሥራ ቀን ግን ለጥናት ብዙ ጊዜ ለማያገኝ ሰው። የማነጻጽራቸው አራት መከላከያዎች ናቸው፦ ካሮ ካን፣ ፍሬንች፣ ሲሲሊያንና ስካንዲኔቪያን። ኢ4ን በኢ5 መመለስ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። እንዲያውም ለጀማሪ ልጅ መጀመሪያ የማሳየው እሱን ነው። ግን ኢ5 ስትሉ ቀጣዩ ምርጫ ለነጭ ይሰፋል። ከአከፋፈቶቹ ጣልያንን፣ ስፓኒሽን፣ ስኮችን ወይም የንጉሥ ጋምቢትን የሚመርጠው እሱ ነው። እናንተ ሁሉንም ማወቅ አለባችሁ።

ስለ አጻጻፉ አንድ ነገር ልበል። የሰሌዳውን ቋሚ መስመሮች ከነጭ ግራ ጀምሬ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤች እያልኩ እጠራለሁ። «ፈረስ ኤፍ3» ካልኩ ፈረሱ ወደዚያ ቤት ሄደ ማለት ነው። ቤቱን ብቻ ከጠራሁ የሄደው ወታደር ነው። የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ሰሌዳ አውጥታችሁ እያንቀሳቀሳችሁ ብታነቡ ይሻላል።

ፊት ለፊታችሁ የሚቀመጠው ማነው?

አከፋፈት የሚመረጠው ለመጽሐፉ ሳይሆን ፊት ለፊት ለሚቀመጠው ሰው ነው። እኔ በከተማችን ውድድሮች ነጭ ይዘው ሲቀመጡ የማያቸው ሰዎች ባብዛኛው ከሦስት ዓይነት አያልፉም።

የመጀመሪያዎቹ ታዳጊዎች ናቸው። ቢሾፑን ሲ4 ላይ፣ ንግሥቷን ኤች5 ላይ አድርገው በአራት እርምጃ ቼክሜት ፍለጋ ይመጣሉ። ሁለተኛዎቹ የዩኒቨርሲቲ ልጆች ናቸው። ስልክ ላይ ብሊትዝ (በጥቂት ደቂቃ የሚያልቅ ፈጣን ጨዋታ) ሲጫወቱ ያድራሉ። ጋምቢት (ለፈጣን ጥቃት ብሎ ወታደር መስጠት) ይወዳሉ፣ ወጥመድ ያውቃሉ፣ እጃቸው ፈጣን ነው። ሦስተኛዎቹ ጋሼዎቹ ናቸው። የአከፋፈቱን ስም ብትጠይቋቸው ላያውቁት ይችላሉ። የተገኘውን ሁሉ ይለዋወጡና ሰሌዳው ሲራቆት ቀስ ብለው ያንቋችኋል። እኔ ከሦስቱ የምፈራው ጋሼዎቹን ነው።

ሦስቱም የሚመሳሰሉበት ነገር አለ። በመጽሐፉ መንገድ አሥራ አምስት እርምጃ ድረስ አብሯችሁ የሚሄድ አታገኙም። አራተኛው ወይም አምስተኛው ላይ አንዱ ያላያችሁትን ነገር ያመጣል። ስለዚህ ጥያቄው «የትኛው መከላከያ ጠንካራ ነው?» አይደለም። አራቱም ጠንካራ ናቸው። ጥያቄው «ያጠናሁት ሲያልቅ፣ ከፊቴ የቀረው ቦታ ይገባኛል ወይ?» ነው።

ሰዓቱም አለ። ዓለም አቀፉ የቼዝ ፌዴሬሽን፣ ፊዴ፣ ራፒድ የሚለው ለአንድ ተጫዋች ከ10 ደቂቃ በላይ፣ ከ60 ደቂቃ በታች የሆነውን ጨዋታ ነው። የአማተር ውድድር ባብዛኛው እዚህ ውስጥ ይወድቃል። አከፋፈቱን ለማስታወስ አምስት ደቂቃ ያቃጠለ ሰው መጨረሻ ላይ ያለቅሳል። (የራሳችን የድሮው ቼዝ፣ ሰንጠረዥ፣ በዚህ በኩል ይመቻል። ወረራ በሚባለው መጀመሪያ ላይ፣ አንድ ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ እንዳሻቸው ያንቀሳቅሳሉ። አያቶቻችን «ቲዎሪው ጠፋኝ» ብለው አያውቁም።)

ካሮ ካን፦ ኢ4 ሲ6፣ ዲ4 ዲ5

ስሙን ያገኘው ከሆራሺዮ ካሮና ከማርከስ ካን ነው። ሁለቱ ትንታኔያቸውን ያወጡት በ1886 ነበር። ካፓብላንካ፣ ቦትቪኒክ፣ ፔትሮስያንና ካርፖቭ ተጫውተውታል። ዝርዝሩን ልብ በሉት። ሁሉም ጠጣር፣ በቀላሉ የማይሸነፉ ሰዎች ናቸው።

ሐሳቡ ግልጽ ነው። በሲ6 ደግፋችሁ በዲ5 መሐሉን ትመታላችሁ። ሲ8 ላይ ያለው ቢሾፕ መንገዱ ክፍት ስለሆነ ወደ ኤፍ5 ወይም ጂ4 ይወጣል። ከዚያ በኋላ ኢ6 ብላችሁ በሩን ትዘጋላችሁ። ቢሾፑ ውጭ፣ ወታደሮቹ ውስጥ። ካሮ ካንን የምወደው በዚህ ነው።

በከተማችን አብዝቶ የሚመጣው ነጭ ኢ5 ብሎ የሚገፋበት ነው። አንድ የራፒድ ውድድር ላይ ቆሜ ያየሁትን ጨዋታ ላሳያችሁ። ነጭ የያዘው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። ጥቁር የያዙት ፀጉራቸው የሸበተ ሰውዬ ናቸው። እንዲህ ሄደ፦ ኢ4 ሲ6፣ ዲ4 ዲ5፣ ኢ5 ቢሾፕ ኤፍ5፣ ቢሾፕ ዲ3። ጥቁር ቢሾፑን ዲ3 ላይ በላ፣ ነጭ በንግሥቷ መልሶ በላ። ከዚያ ጥቁር ኢ6፣ ነጭ ፈረስ ኤፍ3።

እዚህ ላይ ሰውዬው ንግሥታቸውን ኤ5 ላይ አድርገው ቼክ አሉ። ሰዓቱን መጫን ረሱ። ልጁ ዝም ብሎ ደቂቃቸውን ማስበላት ይችል ነበር። «ጋሼ፣ ሰዓቱን አልተጫኑም» አላቸው። ጨዋ ልጅ ነው። ሲ3 ብሎ ቼኩን ዘጋ። ሰውዬው ንግሥቷን ከኤ5 ወደ ኤ6 አንድ ቤት ገፉ።

ይቺን እርምጃ ያዙልኝ። ጥቁር ንግሥቶቹ ይለዋወጡ እያለ ነው። ነጭ እሺ ካለ ንግሥቶቹ ይወጣሉ፣ የጥቁር ፈረስ ኤ6 ላይ ይበላል፣ ጨዋታው ለጥቁር ይመቻል። የነጭ የቀረው ቢሾፕ በጥቁር ቤቶች የሚሄድ ነው። የራሱ ወታደሮች ዲ4 እና ኢ5 ደግሞ በዚያው ቀለም ላይ ቆመው መንገዱን ዘግተውበታል።

ልጁ መለዋወጥ አልፈለገም። ንግሥቷን ወደ ዲ1 መለሳት። ሰውዬው ሲ5 አሉ። ልጁ ፈጠን ብሎ ንጉሡን አንስቶ ካስል ለማድረግ (ንጉሡን ሁለት ቤት አሻግሮ ሩኩን ከጎኑ ለማስቀመጥ) ወደ ጂ1 ወሰደው። ሰዓቱን ሳይጫን ሰውዬው እጃቸውን አንስተው ዳኛ ጠሩ።

ምን ሆነ? ንግሥቷ ከዲ3 ስትነሳ ከኤ6 እስከ ኤፍ1 ያለው ሰያፍ መስመር ተከፈተ። የጥቁር ንግሥት ኤፍ1ን እያየችው ነው። ንጉሥ በተጠቃ ቤት ላይ ተሻግሮ ካስል አያደርግም። ነገሩ በዚህ አላበቃም። ንጉሡ ተነክቷል፤ የተነካ ደግሞ ሕጋዊ እርምጃ ካለው መሄድ አለበት። ኢ2 በንግሥቷ ተይዟል፣ ኤፍ1ም ተይዟል፣ ዲ1 ላይ የራሱ ንግሥት አለች። የቀረው ዲ2 ብቻ ነው። ልጁ ንጉሡን እየጎተተ ዲ2 ላይ አስቀመጠው። ጥቁር በሲ ወታደር ዲ4 ላይ በላ፣ ነጭ መልሶ በላ፣ ቢሾፕ ቢ4 ቼክ። ከዚያ ወዲያ ያለው ብዙ አያስፈልግም። ሃያ ምናምን እርምጃ ላይ እጅ ተሰጠ።

ሰውዬው እዚህ ጨዋታ ላይ የተለየ ጥበብ አላሳዩም። ያደረጉት ካሮ ካን ውስጥ ሁሌ የሚደረገውን ነው። ቢሾፕ አወጡ፣ ለወጡ፣ ኢ6 አሉ፣ ንግሥት ወደ ኤ6፣ ሲ5። በዚሁ መንገድ ትልቅ ሰው ሲሸነፍ ማየት የሚፈልግ በ1927 ኒው ዮርክ ላይ ኒምዞቪች ከካፓብላንካ ጋር ያደረገውን ጨዋታ ይፈልግ። ያው ቢሾፕ ዲ3 ነው፣ ያው ልውውጥ ነው። ካፓብላንካ በጥቁር ቀስ እያለ ኒምዞቪችን ምንም የሚያንቀሳቅሰው እስኪያጣ ድረስ አሰረው።

አሁን ደግሞ የካሮ ካን ራስ ምታት። ነጭ ዲ5 ላይ በልቶ፣ መልሳችሁ ስትበሉ ሲ4 ካለ ጨዋታው ሌላ መልክ ይይዛል። ፓኖቭ ይባላል። መሐሉ ይከፈታል፣ የነጭ ቁሶች ቶሎ ይወጣሉ፣ «ጸጥ ያለ መከላከያ ያዝኩ» ብላችሁ የመጣችሁ ድንገት እሳት ውስጥ ናችሁ። ለዚህ ብቻ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት መድቡለት። ነጭ ኤፍ3 ብሎ ኢ4ን ከደገፈ ደግሞ ኢ4 ላይ ብሉና መልሶ ሲበላ ኢ5 በሉት። ነጭ ሳያስብ ኢ5 ላይ በዲ ወታደሩ ከበላ ንግሥት ኤች4 ቼክ አለ። ጂ3 ካለ ንግሥታችሁ ኢ4 ላይ በቼክ ትበላለች፣ ሩኩም ኤች1 ላይ ይጠብቃታል።

ሌላ መጠንቀቂያ። ነጭ ፈረስ ኤፍ3፣ ቀጥሎ ፈረስ ሲ3 ብሎ ሁለቱንም ፈረሶች ቶሎ ካወጣ፣ ኢ4 ላይ በልታችሁ ቢሾፕ ኤፍ5 የሚለውን ልማዳችሁን ተዉት። ቢሾፑ በፈረስና በኤች ወታደር እየተባረረ ፈረሱ ኢ5 ላይ ይገባባችኋል። እዚያ ቢሾፕ ጂ4 ይሻላል።

አንድ ወጥመድ ደግሞ የግድ እወቁት። ኢ4 ሲ6፣ ዲ4 ዲ5፣ ፈረስ ሲ3፣ ጥቁር ኢ4 ላይ በላ፣ ፈረሱ መልሶ በላ፣ ፈረስ ዲ7፣ ንግሥት ኢ2። አሁን በተለመደው እጅ የጂ8ን ፈረስ ወደ ኤፍ6 ካወጣችሁ፣ ፈረስ ዲ6 ቼክሜት። የኢ7 ወታደር በንግሥቷ ታስሯል፣ መብላት አይችልም። የዩኒቨርሲቲ ልጆች ይቺን በቃላቸው ያውቋታል።

ያው የፈረስ ዲ7 መንገድ ካስፓሮቭንም አስለቅሶታል። በ1997 ዲፕ ብሉ ከሚባለው ኮምፒዩተር ጋር ባደረገው ስድስተኛ ጨዋታ በሰባተኛው እርምጃ ኤች6 አለ። ኮምፒዩተሩ ፈረሱን ኢ6 ላይ ሠዋ። ጨዋታው በ19 እርምጃ አለቀ። ለአማተር ቢሾፕ ኤፍ5 ያለው መንገድ ይበቃዋል። ፈረስ ዲ7ን ለሌላ ጊዜ አቆዩት።

ፍሬንች፦ ኢ4 ኢ6፣ ዲ4 ዲ5

ስሙ የመጣው በ1834 ከጀመረው የለንደንና የፓሪስ የደብዳቤ ግጥሚያ ነው። ፓሪሶች በጥቁር የተጫወቱት ይህንን ነበር። ቦትቪኒክ፣ ኮርችኖይና ኡልማን ስማቸው ከእሱ ጋር ይነሳል።

ከካሮ ካን የሚለየው በአንድ ወታደር ብቻ ነው። ልዩነቱ ግን ሰፊ ነው። ኢ6 ስትሉ የሲ8 ቢሾፕ ቤት ውስጥ ይቆለፍበታል። አንዳንዴ ጨዋታው እስኪያልቅ አይወጣም። በለውጡ የምታገኙት ነገር ሲ5 ነው። ካሮ ካን ውስጥ የሲ ወታደር መጀመሪያ ሲ6፣ ኋላ ሲ5 ስለሚል አንድ እርምጃ ያባክናል። ፍሬንች ውስጥ በአንድ ጊዜ ሲ5 ይላል። ነጭ ኢ5 ብሎ ከገፋ ወዲያው የወታደሮቹን ሰንሰለት ሥር፣ ዲ4ን፣ ትመታላችሁ።

ታዳጊዎቹ ላይ ፍሬንች ምቹ ነው። ቢሾፕ ሲ4 ላይ ሆኖ ኤፍ7ን ሲያይ የኢ6 ወታደር ዓይኑን ይሸፍንበታል። ቀጥሎ ዲ5 ስትሉ ቢሾፑ ራሱ ሽሽት ይጀምራል። የአራት እርምጃ ቼክሜት ህልም እዚያው አለቀ።

ራስ ምታቱ ሁለት ነው። አንደኛው ንጉሡ ላይ የሚመጣው ጥቃት ነው። ኢ5 ላይ የተተከለው የነጭ ወታደር ኤፍ6ን ለፈረሳችሁ ይከለክለዋል። ቶሎ ካስል አድርጋችሁ ከተቀመጣችሁ፣ ቢሾፕ ከዲ3 መጥቶ ኤች7 ላይ ራሱን ይሠዋል፣ ፈረስ ጂ5 ቼክ፣ ንግሥት ኤች5። ይህንን ጥቃት ሁሉም ያውቀዋል፤ አሁንም በየውድድሩ አንድ ሰው ይበላበታል።

ሁለተኛው ስግብግብነት ነው። ኢ5 ሲ5፣ ሲ3 ፈረስ ሲ6፣ ፈረስ ኤፍ3 ንግሥት ቢ6፣ ቢሾፕ ዲ3። ጥቁር ዲ4 ላይ ይበላል፣ ነጭ በሲ ወታደር ይመልሳል። አሁን የዲ4 ወታደር ባለቤት የሌለው ይመስላል። በፈረስ ከበላችሁ፣ ነጭ በፈረስ፣ እናንተ በንግሥት፣ ከዚያ ቢሾፕ ቢ5 ቼክ። ከቢሾፑ ጀርባ የነጭ ንግሥት የእናንተን እያየች ነበር፤ ንግሥታችሁ ሄደች። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ከመብላታችሁ በፊት ቢሾፕ ዲ7 በሉ። ያኔ ቢ5 ላይ ቼክ የለም። ወታደሩም የምር ይሰጋል።

ጋሼዎቹ ሦስተኛው እርምጃ ላይ ዲ5 ላይ በልተው ሁለቱንም ወገን እኩል ያደርጉባችኋል። ብዙ የፍሬንች ተጫዋች እዚህ ላይ ፊቱ ይጨማደዳል። እኔ ግን ቅሬታው አይገባኝም። ያ የታሰረው ቢሾፕ በነፃ ተፈታላችሁ። ማሸነፍ ከፈለጋችሁ ካስሉን ነጭ ባደረገበት ተቃራኒ ወገን አድርጉና ተጫወቱ።

ሲሲሊያን፦ ኢ4 ሲ5

ስለ ሲሲሊያን መጥፎ ማውራት ይከብዳል። ለማሸነፍ በጥቁር ከመጣችሁ ከአራቱ ትልቁን ዕድል የሚሰጠው እሱ ነው። ከመጀመሪያው እርምጃ ሁለቱ ወገን አይመሳሰሉም። ነጭ በንጉሡ በኩል ያጠቃል፣ ጥቁር በሲ መስመር ይመጣል። ማን ቀደመ ነው ጨዋታው።

ችግሩ የሚጠና ነገር ብዛት ነው። ናይዶርፍ፣ ድራገን፣ ስቬሽኒኮቭ፣ ታይማኖቭ፤ እያንዳንዱ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ከዚህ ሁሉ የሚያናድደው ደግሞ፣ ክረምቱን ሙሉ ናይዶርፍ አጥንታችሁ ውድድር ስትሄዱ ናይዶርፍ አይመጣም። ነጭ ሁለተኛው እርምጃ ላይ ሲ3 ይላል። ወይም ፈረስ ሲ3 ብሎ ዝም ይላል። ወይም ያው ታዳጊ ቢሾፕ ሲ4 ይላል። እኔ በከተማችን ሙሉው ክፍት ሲሲሊያን (ነጭ ፈረስ ኤፍ3 ብሎ በዲ4 መሐሉን የሚከፍትበት) ሲመጣ የማየው ከስንት አንዴ ነው።

ስለዚህ ሲሲሊያን የመረጠ ሰው መጀመሪያ ማጥናት ያለበት እነዚህን ነው። ለሲ3 መልሱ ዲ5 ነው። ነጭ ሲበላ በንግሥት ብሉ። ሲ3 በወታደር ስለተያዘ ፈረሱ እዚያ መጥቶ ንግሥታችሁን ማባረር አይችልም። ለቢሾፕ ሲ4 መልሱ ኢ6 ነው፣ ቀጥሎ ዲ5።

የጋምቢት ወዳጆቹ ደግሞ ዲ4፣ ከዚያ ሲ3 ብለው ወታደር ይሰጧችኋል። ስሚዝ ሞራ ይባላል። ብሉት። እዚህ ላይ ለጥቁር የተቀመጠች ደስ የምትል ወጥመድ አለች። ኢ4 ሲ5፣ ዲ4 ጥቁር በላ፣ ሲ3 ጥቁር በላ፣ ፈረስ መልሶ በላ። ፈረስ ሲ6፣ ፈረስ ኤፍ3፣ ኢ6፣ ቢሾፕ ሲ4፣ ንግሥት ሲ7፣ ነጭ ካስል፣ ፈረስ ኤፍ6፣ ንግሥት ኢ2፣ ፈረስ ጂ4። ነጭ ፈረሱን ለማባረር ኤች3 ካለ፣ ሌላኛው ፈረስ ዲ4 ላይ ይገባል። ነጭ በፈረሱ ከበላው ንግሥት ኤች2 ቼክሜት። በወታደር ጂ4 ላይ ከበላ ፈረሱ ኢ2 ላይ ንግሥቷን በቼክ ይበላል። ብሊትዝ የለመደ ልጅ ኤች3ን ሳያስብ ይጫወታታል።

ዕድሜያችሁ አሥራ ምናምን ከሆነ፣ ጊዜ ካላችሁ፣ መሸነፍም ካልከበዳችሁ፣ ሲሲሊያንን አሁኑኑ ጀምሩ። ኋላ ለመጀመር ይከብዳል። ትዳርና ሥራ ይዛችሁ ለመጀመሪያ መከላከያ የምትፈልጉ ከሆነ ግን አልመክርም።

ስካንዲኔቪያን፦ ኢ4 ዲ5

አጭሩ መንገድ ነው፣ እኔም አሳጥረዋለሁ። ከዘመናዊው ቼዝ ከተመዘገቡት ጨዋታዎች የመጀመሪያው የሚባለው፣ በ1475 ገደማ ከቫሌንሲያ የመጣው፣ የተጀመረው በዚህ ነው። በ2014 ካርልሰን በትሮምሶ ኦሎምፒያድ ካሩዋናን ያሸነፈውም በዚሁ ነው። አናንድ ደግሞ በ1995 በዓለም ሻምፒዮና ከካስፓሮቭ ጋር ሞክሮት ተሸንፏል።

ነጭ ዲ5 ላይ ይበላል፣ እናንተ በንግሥት ትመልሳላችሁ፣ ፈረስ ሲ3 መጥቶ ያባርራችኋል፣ ንግሥት ኤ5። ከዚያ ፈረስ ኤፍ6፣ ሲ6፣ ቢሾፕ ኤፍ5፣ ኢ6። አቀማመጡ የካሮ ካን ወንድም ነው። ሲ6ን አታዘግዩት፣ የንግሥቷ መመለሻ በር እሱ ነው። እሱ ከሌለ ቢሾፕ ዲ2 መጥቶ ፈረሱ ሲንቀሳቀስ ንግሥታችሁ መውጫ ታጣለች።

ጥቅሙ ነጭን ወዲያው ወደ እናንተ ሜዳ ማስገባቱ ነው። ዲ5ን አይቶ ደንግጦ ኢ5 ብሎ የሚገፋ ካገኛችሁ ደግሞ ቢሾፕ ኤፍ5 ብላችሁ ቀጥሉ። የፍሬንች አቀማመጥ ነው፣ ግን ቢሾፑ ውጭ። ጉዳቱ ጊዜ ነው። እናንተ ንግሥት ስታመላልሱ ነጭ ሦስት ቁስ አውጥቷል። ዘና ካላለ ተጋጣሚ ጋር ይህ ያስከፍላል።

ታዲያ የትኛውን?

ውድድሩ በሚቀጥለው ሳምንት ከሆነና እስካሁን ምንም መከላከያ ካልያዛችሁ፣ ስካንዲኔቪያን። በሁለት ማታ ይያዛል። አንድ ወር ካላችሁ ካሮ ካን። ስካንዲኔቪያን ከለመዳችሁ በኋላ ወደ ካሮ ካን ማለፍም ቀላል ነው፣ ቦታዎቹ ይመሳሰላሉ።

በካሮ ካንና በፍሬንች መካከል የምትዋልሉ ከሆነ ራሳችሁን ጠይቁ። ጠበብ ያለ ቦታ ላይ ተቀምጣችሁ፣ ሲገፏችሁ ዝም ብላችሁ፣ ሰዓቱ ሲደርስ መልሶ መምታት ደስ ይላችኋል? ፍሬንች የእናንተ ነው። ቦታ ሲጠብ ደማችሁ የሚፈላ ከሆነ ፍሬንችን ተዉት፣ አስራ ሁለተኛው እርምጃ ላይ ራሳችሁ ፈንድታችሁ ታበላሹታላችሁ። የመጨረሻ ጨዋታ ላይ ጎበዝ ከሆናችሁ ደግሞ ያለ ክርክር ካሮ ካን። ንግሥቶቹ ቶሎ ይወጣሉ፣ ወታደሮቻችሁ ንጹሕ ናቸው።

የማሸነፊያ መቶኛ እያያችሁ አትምረጡ። ዳታቤዝ ላይ ያለው ቁጥር የማስተሮች ከሆነ የእኛን ሰፈር አይነግራችሁም። ሊቼስ የሚባለው የቼዝ ድረ ገጽ በነፃ የሚሰጠው የአከፋፈት ማሰሻ ግን በሬቲንግ ይለያል። የእናንተን ደረጃ ምረጡና ከኢ4 ሲ6 በኋላ ነጭ የሚጫወተውን እዩ። አብዝተው የሚመጡትን አራት አምስት እርምጃዎች አጥኑ፣ ሌላውን ለጊዜው እለፉት። ዳታ ካጠራችሁ ዋይፋይ ያለበት ሄዳችሁ አንዴ ደብተር ላይ ገልብጡት። እንዲያውም በእጅ የተጻፈ አይረሳም።

ከዚያ ሰው ፈልጉ። ፍቅር ሐይቅ ዳር ሰሌዳ ዘርግታችሁ ተቀመጡና ከአንድ ሰው ጋር ያንኑ አከፋፈት ደጋግማችሁ ተጫወቱ፣ አንዴ በጥቁር፣ አንዴ በነጭ። ጠዋት ሂዱ። ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ የሚነሳው ነፋስ የላስቲኩን ሰሌዳ ይገለብጠዋል፣ ጠርዙ ላይ ድንጋይ ካልጫናችሁ። ያው መከላከያ ነጭ ሆናችሁ ስትጋፈጡት የት እንደሚያም ቶሎ ይገባችኋል።

ዲ4 ሲመጣስ?

ይህንን ሳያስቡ መከላከያ የሚመርጡ ብዙ ናቸው። ነጭ ሁሌ ኢ4 አይልም።

ካሮ ካን የያዘ ሰው እዚህም ይጠቀማል። ዲ4 ዲ5፣ ሲ4 ሲ6 ስላቭ ይባላል፣ የወታደሮቹ አቀማመጥ ወዲያው ዓይናችሁ ውስጥ ይገባል። ፍሬንች የያዘ ደግሞ ለዲ4 ኢ6 ብሎ መመለስ ይችላል። ነጭ ኢ4 ካለ ፍሬንች ውስጥ ገባ። ሲ4 ካለ በዲ5 ወደ ንግሥት ጋምቢት መከላከያ ትሄዳላችሁ። ሲሲሊያንና ስካንዲኔቪያን ግን ለዲ4 ምንም አይረዱም፣ ሌላ ነገር ለብቻ ማጥናት ግድ ነው። ከሁለቱ አንዱን ከመረጣችሁ ስላቭን ጨምሩበት። ሲ4 ወይም ፈረስ ኤፍ3 ብሎ የሚከፍት ሰው ሲገጥማችሁም ያው ሲ6ና ዲ5 ይሠራል።